«የአሸዋ ሳጥን» ወይስ «አገር ስጠኝ»? በአንድ የጨዋታ ስያሜ አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሒስ

ስያሜ ሲተረጐም ቃሉ ብቻ ሳይሆን የሚሰየመው ነገር ጠባይ መተርጐም እንዳለበት የሙያው ባልደረቦች ሁሉ ይስማማሉ፤ ይሁን እንጂ ይህ ስምምነት በሥራ ላይ ሲውል የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተውን የሚና ጨዋታ፣ በተለይም በእንግሊዝኛ «ሳንድቦክስ» የሚባለውን ዓይነት ነው። መፈተኛ አድርገን የወሰድነው የመካነ ሰላምንና የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ተናጋሪ ነው። እንግሊዝኛውን የማያውቅ ሰው ቃሉን ሰምቶ ነገሩን በመጠኑ መገመት ካልቻለ፣ ስያሜው ገና አልተተረጐመም እንላለን።

አስቀድመን ነገሩን እንግለጽ። ማርክ ሚለር የደረሰውና ጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው «ትራቨለር» በ3 ትንንሽ ጥቁር መጻሕፍት የቀረበ የጨዋታ ደንብ ነው። ጨዋታውን የሚመራው ሰው 8 በ10 በሆነ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች ባሉት መረብ ላይ የሕዋ ካርታ ይነድፋል። በእያንዳንዱ ክፍል ዓለም መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ስፋቱን፣ አየሩን፣ ውኃውን፣ የሕዝቡን ብዛት፣ የመንግሥቱን ዓይነትና የሕጉን ጥብቀት ዳይስ እየጣለ ይወስናል። የቀሩት ተጫዋቾች ነጋዴ፣ መርከበኛ ወይም ከውትድርና የተሰናበተ ሰው ሆነው ወደ ፈቀዱት ዓለም ይሄዳሉ። አስቀድሞ የተደረሰ ታሪክ የለም፤ ታሪኩ ከአካሄዳቸው ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬቨን ክሮፎርድ «ስታርስ ዊዛውት ነምበር»ም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። እንግዲህ የስያሜው እምብርት የተጫዋቹ ነጻነት እንጂ አሸዋውም ሳጥኑም አይደለም።

«የአሸዋ ሳጥን» የሚለው የቃል በቃል ትርጉም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለደጋው ሰው አሸዋ ለግንብ ሥራ የሚጫን ነገር ነው፤ ሳጥን ደግሞ ንብረት የሚቈለፍበት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ የሚሰጡት ስሜት ነጻነት ሳይሆን መዘጋት ነው። «ሳንድቦክስ» ብሎ እንዳለ መውሰድም ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አያስገባም። የእንግሊዝኛውን መነሻ፣ ማለትም የሕፃናቱን ጨዋታ እንተርጕም ካልን፣ «አንተ አባት ሁን፣ እኔ እናት» እየተባባሉ ልጆች የሚጫወቱት «ዕቃ ዕቃ» አለን። በባሕርዩ እጅግ ይቀርባል፤ ሆኖም የአዋቂን ሥራ «ዕቃ ዕቃ» ማለት ማቃለል ስለሆነ ለስያሜነት አይበቃም።

ተጓዳኝ ቃላቱም ጥንቃቄ ይሻሉ። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረገውን «የገበታ ጨዋታ» ብንለው፣ የወሎ ሰው የሚያስበው ጕድጓድና ጠጠር ያለውን ገበጣ፣ ገበታም የሚባለውን ነው። ለተከታታዩ ጨዋታ «ዘመቻ» የሚለው ቃል እንዳይመረጥ እንመክራለን፤ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረውን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የሚያስታውስ ትውልድ ዘመቻ የታዘዙበት መሆኑን ያውቃል፤ በዚህ ጨዋታ ግን አዛዥ የለም። «ጉዞ» ይበቃል። የጨዋታው መሪም «ዳኛ» ከሚባል «አጫዋች» ቢባል ይሻላል፤ ዳኛ ሌሎች ባደረጉት ላይ ይፈርዳል፣ አጫዋች ግን ሌሎች እንዲጫወቱ ያደርጋል።

የመጽሐፉን ስም በተመለከተ ከ«ተጓዥ» ይልቅ «መንገደኛ»ን እንመርጣለን። የዓባይና የበሽሎ ሸለቆዎች በቈራረጡት አገር፣ ማዶ ያለው ደጋ ለዓይን ቅርብ ሲሆን ለእግር ሩቅ ነው፤ መንገደኛ ማለትም ቆላ ወርዶ፣ ደጋ ወጥቶ፣ በመሸበት ደጅ «አሳድሩኝ» የሚል ነው። በጨዋታው ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላው የሚደረገው ዝላይ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ የደረሰበትን አገር ሕግና ልማድ የማያውቀው የሕዋ ተጓዥም በዚህ ቃል በሚገባ ይገለጻል።

ለ«ሳንድቦክስ» የምናቀርበው ስያሜ «የአገር ስጠኝ ጨዋታ» ነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም አንድ አገር ይሰጣል። ተቀባዩ ያልወደደውን «አልፈልግም» ብሎ ሌላ ያስጠራል፤ የወደደውን ተቀብሎ በሐሳቡ ይገባበታል። ሰጪ አለ፣ የሚመርጥ ተቀባይ አለ፣ በቃል ብቻ የሚገባበት አገርም አለ፤ የጨዋታው አጽም ይኸው ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ በእንቆቅልሽ አገር የሚሰጠው ለመሸነፍ ካሳ ሆኖ ሲሆን በዚህ ጨዋታ ግን መነሻ ነው የሚል ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስያሜ ከነገሩ ጋር በሁሉም እንዲገጥም አይጠበቅም። ሁለተኛው፣ «ስጠኝ» በተባዕት ፆታ የሚነገር ትእዛዝ ነው፤ ለሴት «ስጪኝ»፣ ለብዙዎች «ስጡኝ» ይባላልና ስም ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ራሱ «እንቆቅልሽ» ነው፤ በመጨረሻው ላይ ያለው «-ልሽ» የአንስታይ ቅጥያ መልክ ይዞ ሳለ፣ የወንዶቹንም ጨዋታ የምንጠራው በዚሁ ስም ነው። በአንድ መልክ የረጋ አነጋገር ስም ለመሆን ይችላል።

የመካነ ሰላም ወጣት ይህን ጨዋታ በአማርኛ ለመጫወት ቢነሣ፣ ደንቡን የሚረዳው በምንሰጠው ቃል ነው። «ሳጥን» ብንለው ክዳኑን ይፈልጋል፤ «አገር ስጠኝ» ብንለው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ገና ሳይነገረው ያውቀዋል።