ጫማ ገዛን እንጂ እግር አልገዛንም

አዲስ አበባ ውስጥ በእግር መሄድ ፋሽን ሆኗል። ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ይከራያል፤ ወደ የረር፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ወንጪ ይነዳል። እዚያ ጥቂት ይኬዳል፣ ብዙ ፎቶ ይነሳል። «የእግር ጉዞ» ካላችሁ ደግሞ ፋራ ናችሁ፤ «ሃይኪንግ» ነው። እኔም ከዚሁ መንጋ ነኝና ሐሜቱን ከራሴ ልጀምር።

ከጦርነቱ በፊት ለሥራ ሰቆጣ ሄጄ ወደ ፃግብጂ በእግር መውረድ ግድ ሆነብኝ። ውድ ጫማ፣ ባለ ብዙ ኪስ ቦርሳ፣ ድንኳን ሳይቀር ይዣለሁ። መንገድ የሚያሳዩኝ አዛውንት የያዙት ጋቢ፣ ዱላ፣ በቅል ውሃና በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ነው። ዳገቱን እንደምንም ተወጣሁት፤ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። እሳቸው ዘወር ብለው፣

«ልጄ፣ ጫማ ገዛህ እንጂ እግር አልገዛህም» አሉኝ።

እናላችሁ፣ ሲመሽ አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ የተመቸ አሸዋ አየሁና ድንኳኔን መፍታት ጀመርኩ። ተቆጡኝ። ለካ እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ብሎ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ደራሽ ውሃ በሌሊት መጥቶ ከነድንኳኔ ወደ ተከዜ ይዞኝ ይወርዳል። ይህንን ድንኳኑን የሸጠልኝ ሰው አልነገረኝም። ያን ዕለት «ቤት ለእግዜር እንግዳ» ከተባልኩበት ጎጆ አደርኩ።

የእኛ ችግር ዕቃውን እንገዛለን፣ ልምዱን ግን አንገዛም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን አድገን በአንድ ቅዳሜ ተራራ ልንጨርስ እንነሳለን። እግር በየሳምንቱ ተመላልሶ ነው የሚበረታው። መጀመሪያ ርቀቱ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ሸክሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ዳገቱን ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱንም መልመድ ያስፈልጋል። ውሃ ሳይጠማ ይጠጣል፣ ማደሪያ ሳይጨልም ይመረጣል፣ እሳት ጠፍቶ፣ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይኬዳል። ይህ ሁሉ በጫማ ዋጋ ውስጥ የለም።

ግን ደግሞ «የዋግ ሰው ጠንካራ ነው፣ መሄድ ይችላል» እያልን እንዳናሞካሽ። የሚሄደው መኪና ስለሌለው፣ ጤና ጣቢያውም ውሃውም ስለራቀው ነው። ለመዝናናት ብለን ተራራ እንደምንወጣ ለእኚያ አዛውንት ስነግራቸው፣ «መኪናው ተበላሽቶባችሁ ነው?» ነበር ያሉኝ።

በ2014 ዓ.ም. ከፃግብጂና ከአበርገሌ በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ ዙሪያ ተጠልለው ነበር። ወሬውን ስሰማ ያ ቁልቁለት ትዝ አለኝ፤ ልጅ አዝሎ ሽቅብ ሲወጣ ታየኝ። እኛ በገንዘባችን «ካምፕ» እንወጣለን፤ እነሱም የገቡበት «ካምፕ» ነው የሚባለው። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እኛ እሁድ ማታ ቤታችን መግባታችን ነው።

ኧረ እንሂድ፣ መሄዱስ ባልከፋ። ግን መንገዱን የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ፣ የድካሙንም እንክፈለው። ፎቶውን ከማንሳታችን በፊት ደግሞ እሱ በዚያ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ እንጠይቀው።