የሕፃናት ትምህርት ወጪ በማን ላይ ነው? ስለ 2002ቱ የፖሊሲ ማዕቀፍ የቀረበ ሂስ

በ2002 ዓ.ም. ሦስት መሥሪያ ቤቶች፤ ይኸውም የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች፤ በአንድነት ሆነው ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርትና እንክብካቤ አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በፊት በየሰነዱ ውስጥ ስለ ሕፃናት አንዳንድ ቃል ተጥሎ ይገኝ ነበር እንጂ፣ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሰባት ዓመት ያለውን ዕድሜ እንደ አንድ ነገር ይዞ የሚናገር የመንግሥት ጽሑፍ ብዙም አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ሰነዱ መውጣቱ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን ሰነዱ በለሆሳስ ያለፈውን አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ገንዘብ ነው።

እኛ ራሳችን ለነገሩ ባዕድ አይደለንም። ማዕቀፉ በወጣ ማግሥት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ በተከፈተ ዜሮ ክፍል ገብተን ነበር። ክፍሉ ቀድሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበርና ወንበር አልነበረውም፤ ስድሳ ያህል ሕፃናት በድንጋይና በግንድ ላይ ተቀምጠን «ሀ ሁ» ስንል እንውል ነበር። የምታስተምረን አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የሰፈራችን ልጅ ነበረች። ደመወዟ ከየቤቱ በሚሰበሰብ መዋጮ ነበር፤ እህል ያልያዘ ዓመት ሲሆን መዋጮው ይቀራል፣ እርስዋም ትቀራለች። በኋላ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ፣ በከተማ ሦስት ዓመት መዋዕለ ሕፃናት የተማሩ ጓደኞቻችን በመጀመሪያው ሳምንት ከፊት ረድፍ ተቀምጠው እጃቸውን ሲያነሡ እኛ ከኋላ ሆነን እናይ ነበር። ይህን የምንጽፈው ለማማረር ብለን አይደለም፤ አንባቢ ከየት ሆነን እንደምንናገር እንዲያውቀው ብለን ነው።

ለሕፃን ትምህርት መክፈል በአገራችን ዐዲስ ነገር አይደለም። የየኔታ ተማሪ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ዳዊት ሲሻገር ወላጁ በእህል፣ በገንዘብ ወይም በጉልበት ውለታውን ይመልስ ነበር፤ የቁርኣን ትምህርት ቤትም እንደዚሁ በሕዝቡ እጅ ይኖር ነበር። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ግን ከመነሻው የተለየ መንገድ ያዘ። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በድሬዳዋ የተከፈተው የመጀመሪያው፣ ለምድር ባቡር ሥራ የመጡት የፈረንሳውያን ልጆች መዋያ ነበር። በደርግ ዘመን በቀበሌዎችና በአምራቾች ማኅበራት ሥር ብዙዎች ተከፈቱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲያግዝና ለመደበኛው ትምህርት እንዲያዘጋጀው ብሎ ዓላማውን በአጭር ቃል አስቀመጠ፤ የመንግሥት ገንዘብ ግን በቅድሚያ ለመደበኛው ትምህርት እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ እንዲውል ወሰነ። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ድርጅቶችና ለበጎ አድራጊዎች ተተዉ። አንደኛ ክፍል በነፃ ሆኖ ከርሱ በፊት ያለው ደረጃ በገንዘብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ክፍፍል ምን እንዳስከተለ ለማወቅ ብዙ መድከም አያሻም። «ያንግ ላይቭስ» በተባለው ጥናት ውስጥ ከተከታተሏቸው ኢትዮጵያውያን ሕፃናት መካከል በከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው መዋዕለ ሕፃናት የገቡ ሲሆኑ፣ በገጠር የገቡት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር። የዚሁ ጥናት ተመራማሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ በከተማ መዋዕለ ሕፃናት የተማሩት ካልተማሩት በአእምሮ ችሎታ ፈተና የተሻሉ ሆነው እንደ ተገኙ አሳይተዋል። እንግዲህ ጥቅሙ ካለ፣ ጥቅሙ የተሸጠው ለሚገዛው ነው ማለት ነው።

ማዕቀፉ ይህን ለማረም አራት ምሰሶ አቆመ። ወላጆችን ማስተማር፣ ከፅንስ ጀምሮ ጤናን መጠበቅና ሕፃኑን ማነቃቃት፣ መዋዕለ ሕፃናትን ማስፋፋት፣ በመጨረሻም መደበኛ ባልሆነ መንገድ ሕፃናትን ለትምህርት ማዘጋጀት ናቸው። በተግባር አገሩን የሞላው ይህ የመጨረሻው ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የሚከፈተው «ኦ» ክፍልና የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች የጎረቤቶቻቸውን ሕፃናት የሚያስተምሩበት «ልጅ ለልጅ» የተባለው ዘዴ። ሁለቱ የተመረጡበት ምክንያት በግልጽ ባይነገርም ማንም ይረዳዋል፤ ርካሽ ስለ ሆኑ ነው። አንደኛው ያለውን ግቢ፣ ሁለተኛው ያለውን ልጅ ይጠቀማል። የተለየ በጀት ሳይመደብለት የሚስፋፋ ነገር ከዚህ ሌላ መልክ ሊኖረው አይችልም።

በቁጥር ሲታይ ግን ነገሩ እጅግ ያማረ ነው። ከማዕቀፉ በፊት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ አሥር በታች ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ ሠላሳ አለፈ። ይህን የመሰለ እርምጃ በየትም አገር ቢሆን ያስደንቃል፤ ዳሩ ግን የተቈጠረው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። በአንድ ዐምድ ውስጥ የተደመሩት፣ በአዲስ አበባ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማረው የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ፣ በገጠር አንድ ዓመት በድንጋይ ላይ የተቀመጠው የዜሮ ክፍል ልጅና ከአንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ጋር በዛፍ ጥላ ሥር የተጫወተው ሕፃን ናቸው። ሦስቱም አንድ አንድ ተብለው ተቈጥረዋል። አምስተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር በዚህ ዕድገት ተማምኖ እስከ 2012 ዓ.ም. ተሳትፎው ከመቶ 80 እንዲደርስ ግብ ጣለ፤ ውጤቱ ግን ከዚያ ግብ እጅግ ርቆ ቀረ። ርካሹ መንገድ የሚያደርሰው እስከዚያ ድረስ ብቻ መሆኑን ይህ ያሳያል እንላለን።

ለሕፃናት ትምህርት የሚሟገቱ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ማስረጃ አለ፤ ለሕፃን የወጣ ገንዘብ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል የሚለው ነው። እኛም ወደ ሙግቱ መደምደሚያ እናዘነብላለን፤ ማስረጃው የሚጠቀስበት አኳኋን ግን አያስደስተንም። ምንጩ ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ፣ በሚሺጋን፣ በኢፕሲላንቲ ከተማ ከ1962 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የተደረገው የፔሪ ሙከራ ነው። ጄምስ ሄክማን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሰሉት መሠረት የዚያ ሙከራ ትርፍ በዓመት ከመቶ 7 እስከ 10 ይደርሳል። መልካም። ነገር ግን በሙከራው ከነበሩት 123 ሕፃናት ትምህርቱን ያገኙት 58 ብቻ ነበሩ፤ ለአንድ አስተማሪ የሚደርሱት ስድስት ያህል ሕፃናት ናቸው፤ አስተማሪዎቹ የሠለጠኑ ነበሩ፤ በየሳምንቱም የልጆቹን እናቶች በቤታቸው ይጎበኙ ነበር። የፔሪን ትርፍ ጠቅሶ የዜሮ ክፍልን ወጪ ብቻ መክፈል፣ የበሬ ዋጋ ሳይከፍሉ በበሬ እንደሚያርሱ መቍጠር ነው። ትርፉ የመጣው ከወጪው ነው።

ወደ ጎረቤቶቻችን ብንመለከት የተሻለ ትምህርት እናገኛለን። በኬንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ሲሆን የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ሳይነሣ ቀረ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ድኾች ወላጆች ክፍያውን ከመክፈል ይልቅ ልጃቸውን ከቤት አቈይተው በቀጥታ ወደ አንደኛ ክፍል መስደድን መረጡ፤ በብዙ ስፍራም የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪ ቀነሰ። መንግሥት አንዱን በር ከፍቶ ሌላውን በገንዘብ ሲዘጋ ሕዝቡ በተከፈተው ይገባል። የእኛም አገር ነገር ከዚህ አይለይም፤ አንደኛ ክፍል ዕድሜያቸው ባልደረሰ ልጆች የሚጨናነቀውና ትምህርት የሚያቋርጡት ከሌላው ክፍል ይልቅ በርሱ የሚበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ማዕቀፉ በወጣበት በዚያው በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ለእነዚህ ልጆች የተከፈለው የአስተማሪ ደመወዝ ከየት ወጣ? ከመንግሥት ካዝና። እንግዲህ መንግሥት ለቅድመ ዝግጅቱ አልከፍልም ቢል ለመዘግየቱ መክፈሉ አልቀረለትም።

ጋና በሌላ መንገድ ሄደች። በ2005 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቍጥር የምትሰጠው ድጎማ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናትንም እንዲያጠቃልል አደረገች፤ በ2007ም የሁለት ዓመት መዋዕለ ሕፃናት የነፃው መሠረታዊ ትምህርት ክፍል ሆነ። የጋና ክፍሎች ሁሉ መልካም ናቸው አንልም፤ በዚያም መጨናነቅ አለ። ነገር ግን እዚያ ወላጅ ልጁን ሲያስገባ መብቱን ይዞ ነው፤ መዋጮ ቢቀር ልጁ አይቀርም።

ከሦስት ዓመት በታች ስላሉት ሕፃናት ማዕቀፉ በገንዘብ ረገድ ከዚህም ያነሰ ይናገራል። በ1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት እናት ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። በዘጠና አንደኛው ቀን ሕፃኑን ማን ይይዘዋል? የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር፤ ይህም መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን በጉሊት የምትቸረችር ሴት መሥሪያ ቤት የላትም። በአዲስ አበባ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የከተማው አስተዳደር የጀመረው የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ወደዚህ ሕዝብ ለመድረስ መነሣቱን በደስታ እናያለን። በሌላው ስፍራ ግን ሕፃኑን የምትይዘው ታላቅ እኅቱ ናት። እርስዋ የቀረችበት የሦስተኛ ክፍል ትምህርት በማንም መዝገብ ላይ እንደ ወጪ አይጻፍም።

በጓደኞቻችን መካከል ሌላ መፍትሔ የሚያቀርቡ አሉ፤ የግል መዋዕለ ሕፃናት በየዓመቱ ዋጋ ስለሚጨምሩ መንግሥት ዋጋቸውን ይወስን ይላሉ። የወላጆቹ ምሬት እውነት ነው። ምዝገባ፣ ወርኃዊ ክፍያ፣ ደንብ ልብስ፣ መጽሐፍ፣ ሰርቪስ ተደምሮ የአንድን ደመወዝተኛ ወገብ ይሰብራል፤ (ከዚህ ሁሉ የሚገዛውም ብዙውን ጊዜ በአራት ዓመት ዕድሜ የእንግሊዝኛ ፊደል መቍጠር መሆኑ ሌላ ጽሑፍ የሚያሻው ነገር ነው)። ቢሆንም ዋጋ መወሰን የተገነባውን ክፍል ያስረክሳል እንጂ ያልተገነባውን አይገነባም፤ ግል መዋዕለ ሕፃናት በሌለበት ወረዳም ምንም ትርጉም የለውም። መንግሥት ያለው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ የከተማ ወላጅን ክፍያ ከመደጎሙ በፊት በገጠሩ ዜሮ ክፍል ላይ ሊያውለው ይገባል ብለን እናምናለን። ይህን ስንል ብዙ አንባቢያችን እንደማይስማማን እናውቃለን፤ አብዛኞቻችን ዛሬ የከተማ ሰዎች ነንና።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ዐዲሱ ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃን ትምህርት ሁለት ዓመት አድርጎታል። ሁለት ዓመት ማለት በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍልና ሁለት አስተማሪ ማለት ነው። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በወረዳው መዝገብ የሥራ መደብ ያልተከፈተለት አስተማሪ፣ ፖሊሲው ምንም ቢል፣ የለም ማለት ነው። ፖሊሲውን የሚመረምር ሁሉ ቀድሞ ይህን መዝገብ እንዲያይ እንጠይቃለን።

ባለፈው ክረምት ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ ያችን የዜሮ ክፍል አስተማሪያችንን አገኘናት። ማስተማሩን ከተወች ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ዛሬ በገበያው ዳር ቡና ታፈላለች። ስንት ልጆች እንዳስተማረች ብንጠይቃት ቈጥራ አታውቅም፤ ያልተከፈላትን ወራት ግን አንድ በአንድ ነገረችን፤ አሥራ አንድ ናቸው። በክፍሉ ውስጥ አሁን ሌላ ልጅ ታስተምራለች፤ እርስዋም መደብ እየጠበቀች ነው።