«ዓይን ማብራት» ስንል

ሥነ ጽሑፍ ካስተማርኩባቸው ዓመታት የተረፈኝ አንድ ዓመል አለ። መመሪያም ይሁን ማስታወቂያ፣ መጀመሪያ የማየው ዘይቤውን ነው። ስለ ጎልማሶች ትምህርት ስናወራ ደግሞ ዘይቤያችን መቼም አንድ ነው፤ ያልተማረው «በጨለማ» ይኖራል፣ ፊደል ሲቆጥር «ዓይኑ ይበራል»። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርትም ሲወደሱ የምሰማው በዚሁ ቋንቋ ነው።

እስቲ ይህንን እንደ አንድ ዓይነ ስውር ጎልማሳ ሆናችሁ ስሙት። ትምህርቱ ለእናንተ እንዳልታሰበ ምስጋናው ራሱ ይነግራችኋል። ጣጣው የቃላት ብቻ ቢሆን በዝምታ ባለፍኩት። ነገር ግን ዘይቤው ወደ ክፍሉም ገብቷል። ትምህርቱ ከሥዕልና ከጥቁር ሰሌዳ ይጀምራል። አመቻቹ የምልክት ቋንቋ ካልቻለ መስማት የተሳናት ሴት ከንፈር ስታይ ታመሻለች። በዊልቸር የሚሄደው ከደረጃው ሥር ይቀራል። ከዚያ «ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። ወይ ድፍረት!

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 የጎልማሶችን ትምህርት በስም ይጠራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል።

ዕውቀትም አልጠፋም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን ዜማውንም ቅኔውንም በጆሯቸው ተቀብለው መምህር ሆነዋል። የአማርኛ ብሬይልም ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን የፊደል መልክ ሁሉ አያሸክምም፤ ተነባቢውንና አናባቢውን ለይቶ በስድስት ነጥቦች ይጽፈዋል። ፊደሉ በጣት ይነበባል ማለት ነው። «ፊደል መቁጠር» የሚለው የቆየ አነጋገራችን፣ ከ«ዓይን ማብራት» ይልቅ፣ ለዚህ የቀረበ ነው።

ስለዚህ ሪፖርቱ ስንት ሰው ተመዘገበ ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ ማን ቤት ቀረ፣ ለምንስ ቀረ ብሎም ይጠይቅ። «አድራሻቸውን አናውቅም» የሚለው መልስ እኔን አያሳምነኝም። ዕድሩ መዋጮ ሲሰበስብ የማንም በር አይጠፋውም። ለመዋጮ የምናገኘውን ሰው ለትምህርት እንዴት አጣነው?