መሰንቆና ድምፅ፣ ፒያኖና ጊታር፦ ስለ ትናንሽ የሙዚቃ ጓዶች

የሙዚቃ ጓድ ትልቅነት በአባላቱ ቍጥር የሚለካ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። በመድረክ ላይ የተሰለፈው የመሣሪያና የድምፅ ማጉያ ብዛት ዐይንን ስለሚሞላ ጆሮም የጠገበ ይመስላል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም የሕዝብ ሙዚቃ የሚመሰክረው ከዚህ የተለየ ነው። እጅግ የጠለቀው የናፍቆት፣ የኀዘንና የፌዝ ዜማ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ተቀራርበው ከሚጫወቱበት ጠባብ ቤት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከጉለሌ መነሣት ይቻላል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ ዙሪያ የሰፈረው ሸማኔ ሥራውን የሚሠራው በድርና በማግ ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ይቆያል፣ ማጉ ይመላለስበታል። የአዝማሪ ጥንድም አሠራር ከዚህ አይርቅም። አንዱ መሰንቆውን ይገዘግዛል፣ ሌላይቱ ታዜማለች። መሰንቆው አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ በቆዳ የተለበጠ የድምፅ ሣጥንና ደጋን እንጂ ሌላ ሀብት የለውም። ክሩ የሚያርፍበት ገበታ ስለሌለ ጣት ከጎን እየነካው ድምፁን ማንሸራተት፣ ማንቀጥቀጥና እንደ ሰው ማስቃሰት ይችላል። ዘፋኟ ስንኟን ስትደመድም መሰንቆው የዜማውን ጫፍ ተቀብሎ ይደግመዋል። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሰሙ በአፍ ከተነገረ በኋላ አድማጩ ወርቁን ፈልቅቆ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ የሚሰጠው መሰንቆው ነው።

ከዚህም በላይ ጥንዱ በእርግጥ ሁለት ብቻ አይደለም። በአዝማሪ ቤት እንግዳው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል፤ ቤቱም በሳቅ ወይም በዝምታ ይፈርዳል። በመሆኑም አድማጩ ሦስተኛው ተጫዋች ነው። እርሱ የተናገረው የማይሰማበት ወይም የተነገረውን የማይሰማበት ቤት ከሦስቱ አንዱን አጥቷል ማለት ነው።

በጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝም ተመሳሳይ አሠራር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1928 ፒያኖ ተጫዋቹና ዘፋኙ ሊሮይ ካር ከጊታር ተጫዋቹ ስክራፐር ብላክዌል ጋር ሸክላ ማስቀረጽ ሲጀምሩ፣ ፒያኖው መሬቱን ያዘ፣ ጊታሩ ደግሞ በስንኞቹ መካከል ባለው ክፍተት መልስ ሰጠ። ዐይነ ስውሩ የሐርሞኒካ ተጫዋች ሶኒ ቴሪና በልጅነቱ ፖሊዮ እግሩን የጎዳው ጊታር ተጫዋች ብራውኒ መጊ ደግሞ ከ30 ዓመታት በላይ አብረው ተጫውተዋል። ኋላ ላይ ከመድረክ ውጭ እምብዛም የማይነጋገሩ እስከ መሆን ቢደርሱም፣ በመድረክ ላይ መሣሪያዎቻቸው መነጋገራቸውን አላቋረጡም። በአንጻሩ በ1966 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ክሪም የተሰኘው የሦስት ሰዎች ጓድ፣ እያንዳንዱ አባል የላቀ ችሎታ እያለው፣ በድምፅ ማጉያ ኃይል መፎካከር ካስከተለው ቅራኔ ጋር በ1968 ተበትኗል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሦስት ሰዎች የሚያሰሙት ሙዚቃ የሚጸናው ሦስቱም ሲደማመጡ ነው።

ይህ መመሳሰል ግን ወደ ችኩል ድምዳሜ ሊመራ አይገባም። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሸክላ ቅጂዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው 10ኛ ቅጽ ለትዝታ የተሰጠ ሲሆን፣ በንዑስ ርእሱ «የኢትዮጵያ ብሉዝ» የሚል ስያሜ ሰጥቶታል። ስያሜው የውጭውን አድማጭ ወደ ደጁ አድርሶታል፤ ወደ ውስጥ ግን አያስገባውም። ብሉዝ በባርነትና ከዚያ በኋላ በቀጠለው የዘር ጭቆና ውስጥ የበቀለ፣ በአብዛኛውም በ12 ምት ቤቶችና በሦስት የኅብረ ድምፅ መሠረቶች የሚዞር ነው። ትዝታ ግን ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከሚቈጠሩት አራት ቅኝቶች አንዱ፣ ባለ አምስት ድምፅ፣ በነጠላ ዜማ የሚሄድ ነው። ሁለቱን የሚያዛምዳቸው የዘር ሐረግ ሳይሆን ጠባይ ነው፤ ይኸውም ኀዘንን በጥቂት መሣሪያ፣ በጥሪና በመልስ መግለጽ ነው።

በዚህ ሚዛን ሊደመጡ ከሚገባቸው ሥራዎች መካከል የአስናቀች ወርቁ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ተዋናይት የነበረችው ይህች አርቲስት ከክራሯ ጋር ብቻዋን ስትቀመጥ እንኳ ጥንድ ናት፤ ክራሩ አጃቢዋ ሳይሆን ተከራካሪዋ ነውና። የጎንደሯ እቴነሽ ዋሴ ደግሞ ከፈረንሳዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ማቲዩ ሱሪሶ ጋር በጥንድ ስትጫወት፣ ባዕዱ መሣሪያ የመሰንቆውን ወንበር ሳይነጥቅ ከጎኑ የተቀመጠ ያህል ይሰማል።

የቀድሞው የዋልያስ ባንድ አባል ኃይሉ መርጊያ፣ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት በታክሲ ነጂነት ከሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘውን አልበም ከከበሮ ተጫዋቹ ቶኒ በክና ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር በሦስትነት አቅርቧል። በ«ትዝታ» ላይ አኮርዲዮኑ የዘፋኟን ድርሻ ይወስዳል፣ ሁለቱም ባልደረቦች ትንፋሹን ይጠብቃሉ። ጉድለቱ ግጥም አለመኖሩ ነው፤ ቅኝቱ አለ፣ ሰሙና ወርቁ የሉም። ይህን ጉድለት አድማጩ ከገዛ ትዝታው ሊሞላው የሚችለው ግጥሙን አስቀድሞ ካወቀ ነው፤ የማያውቀው ወጣት ግን የሚሰማው ውብ ዜማ ብቻ ይሆናል።

አሳሳቢው ጉዳይም ይኸው ነው። ዛሬ በከተማው በብዙ የምሽት ቤቶች ኪቦርድና ከፍተኛ ድምፅ ማጉያ የመሰንቆውን መልስ ይውጡታል። ማጉያው ሲጮኽ እንግዳው ግጥም መስጠቱን ይተዋል፤ አዝማሪው ከመቀበል ይልቅ የታወቀውን መደጋገም ይጀምራል፤ በፍጥነት የሚታሰበው ቅኔ ቦታ ያጣል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያዎችን ጠብቆ ይዟል፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም የክራርና የመሰንቆ አጨዋወትን ያስተምራል። ሁለቱም ሥራዎች አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን በመስታወት ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው መሣሪያው እንጂ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው መነጋገር አይደለም፤ ይህ የሚጠበቀው ሲሠራበት ብቻ ነው።

የባህል ሠራተኞች፣ መምህራንና ከያንያን በዚህ ረገድ ሊያደርጉት የሚገባው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በየወጣት ማእከሉና በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ መሰንቆና አንድ ድምፅ ለጥቂት አድማጮች ቢቀርቡ፣ ተማሪውም ግጥም እንዲሰጥ ቢበረታታ፣ ሦስተኛው ተጫዋች ወደ ስፍራው ይመለሳል። የትልቅ ጓድ ድምቀት የበዓል ነው፤ ሕዝብ የዕለት ተዕለት ሐሳቡን የሚነጋገርበት ግን ይህ ትንሹ ጓድ ነው።