እግር የሚያሳየው ችሎት

የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የሚያስችልበት የጆሃንስበርግ ሕንፃ የቆመው ጋንዲም ማንዴላም በታሰሩበት የድሮ ወህኒ ቤት ግቢ ነው። የፈረሰው ማረፊያ ቤት ጡብ የችሎቱ ግድግዳ ሆኗል። እኔን የሚማርከኝ ግን የችሎቱ ቀጭን አግድም መስኮት ነው፤ በመንገዱ ልክ ስለተከፈተ ከውስጥ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ነው። ዳኞቹ ከሕዝቡ በላይ አይደሉም ለማለት ነው አሉ። እሰየው!

ፍርድ ቤቱ በ1995 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ሽሯል። በ2002 ደግሞ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳው መድኃኒት ኔቪራፒን በጥቂት የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ እንዳይወሰን መንግሥትን አዘዘ። ፖሊሲ ማውጣት የዳኛ ሥራ አይደለም የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ እዚህ ላይ ግን ከዳኞቹ ጋር ነኝ።