ባዶዋ «አዎ»

ስለ ትምህርት ጥራት በሚደረግ ስብሰባ ላይ ተናጋሪው መድረክ በወጣ ቁጥር በሆዴ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ እኚህ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ጠመኔ የጨበጡት መቼ ይሆን? ነገረኛ አትበሉኝ። ጥያቄውን ያመጣሁት ከቡሬ ገጠር ነው።

ማስተማር የጀመርኩት እዚያ ነው። ከኮሌጅ ይዤው የሄድኩት የትምህርት ዕቅድ በደቂቃ የተሸነሸነ ነበር። በቆሎ ሲደርስ ግን ክፍሉ ይሳሳል። ገሚሱ ማሳ ጥበቃ፣ ገሚሱ ከብት ኋላ ነው። የመጣውም ረጅም መንገድ በባዶ ሆዱ ተጉዟልና ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያሸልባል። «ገባችሁ?» እላለሁ። «አዎ!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ያቺ «አዎ» ባዶ መሆኗን፣ ልጆቹም የሚሏት መምህራቸውን ላለማሳፈር መሆኑን ለመረዳት መንፈቅ ይፈጃል። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ አላጋጠመኝም። ኋላ ፍኖተ ሰላም ገብቼ የመምህራን ማሠልጠኛ ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ እነዚያ ልጆች ጠረጴዛዬ ፊት ተደርድረው «አንድ መጽሐፍ ለሦስት የምናየውስ?» ይሉኝ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን «ፕላዝማ» አስታውሱ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይመጣል። መምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ትጣልለትና በቀረው ጊዜ ጥግ ይዞ ይቆማል። የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ይቀጥላል። ባዶዋን «አዎ» እንኳ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። መሣሪያውን አልጠላሁትም፤ ላቦራቶሪ ለማያውቅ ተማሪ ሙከራ ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነበር። ግን አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ዕቅዱን ቢያየው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያልገባው ልጅ እጁን ለማን ያውጣ?» ብሎ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹንም በመምህርነት። ሥልጠና የሌለውን ወጣት በሰው ልጅ ላይ መሞከር ዕዳ አለው፤ አንድ ዓመትም አጭር ነው። ቢሆንም ከእነሱ መካከል ኋላ ቢሮ የገባው፣ አንድ ክፍል ሙሉ ፊት በዓይነ ኅሊናው ይዞ ነው የገባው።

የእኛ መሰላል ግን ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው። በእርግጥ ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር የሚያደርስ የደረጃ ዕድገት ተበጅቷል። ነገር ግን ጎበዝ መምህር ሲገኝ ርዕሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘር፣ የወረዳ ባለሙያ ይደረጋል። ጭቃውንና ደመወዙን ላየ ሰው አይፈረድበትም። ፀቤ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው፤ ወደ ክፍል መመለስ እንደ ቅጣት ይቆጠራል። ለመሆኑ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ማስተማር የትኛውን ቢሮ ያዘጋል?

ነገሩ አሁን የባሰ አንገብጋቢ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ ምዕራብ ጎጃምም በብርቱ ተጎድቷል። ዓመታት ያመለጡት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሁለተኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር ሲቀመጥ የሚያፍረውን ማፈር ከቢሮ ሆኖ የሚያየው የለም። የማካካሻው ዕቅድ ሲረቀቅ የገጠር መምህራን ከጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ፤ አበላቸው ተከፍሎ፣ ቃላቸውም በቃለ ጉባኤው ሰፍሮ።