አንቱታና ካቴና

በኅዳር 2011 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰፈራችን ካፌ ተቀምጬ ዜና እያየሁ ነበር። የሜቴክ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታዩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ «በለው!» አለ። እኔም፣ እንዳልዋሽ፣ ሲኒዬን አስቀምጬ «ያዙት!» አልሁ።

ማታ ቤቴ ስገባ የከነከነችኝ ያቺ «ት» ናት። ከወር በፊት መንገድ ላይ ባገኛቸው ኖሮ «እንደምን ዋሉ ጄኔራል» እላቸው ነበር። ታዲያ «ያዟቸው» ማለት ሲገባኝ «ያዙት» ያልሁት ማን ፈርዶባቸው ነው? ካቴናው ሲገባ አንቱታው ወጣ። አማርኛችን ሰውን ከ«እሳቸው» ወደ «እሱ» ለማውረድ የዳኛ ውሳኔ አይጠብቅም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ተራኪው ይህን ሰው አንተ ነው የሚለው አንቱ?» እያልሁ ተማሪ ሳስጨንቅ የኖርሁ ሰውዬ፣ በገዛ ሰዋስዌ ተያዝሁ።

ይባስ ያሳፈረኝ ሌላ ኅዳር ትዝ ማለቱ ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. ኢቲቪ «አኬልዳማ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም በተከታታይ አሳየ። ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ፣ ፖለቲከኛው አንዱዓለም አራጌና ሌሎችም በሽብር ወንጀል ተከስሰው ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ነበር። ያን ጊዜ «ይሄ ፊልም አይደለም፣ ፍርድ ነው!» እያልሁ ላገኘሁት ሁሉ ስለፍልፍ ከርሜአለሁ። በሁለቱ ኅዳሮች መካከል የተለወጠው ሕጉ አይደለም። በመጀመሪያው የታሰሩት የማዝንላቸው ነበሩ፤ በሁለተኛው የታሰሩት የማላዝንላቸው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እስቲ ረጋ ብለን እነዚህን ፊልሞች እንደ ድርሰት እናንብባቸው። መጀመሪያ ርእሱ። «አኬልዳማ» ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው፤ ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ በሰጠበት ብር የተገዛው የደም መሬት። ገና ርእሱ ላይ ከሃዲ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ደም አለ። ለተከሳሾቹ የተረፈው ቦታ የይሁዳ ቦታ ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ «ጥፋተኞች ናቸው» ያለው በሰኔ 2004 ዓ.ም. ነው። ርእሱ ፍርድ ቤቱን በሰባት ወር ቀድሞታል።

ቀጥሎ ቅንብሩ። በሽብር የተገደሉ ሰዎች አስከሬን ይታያል፤ ቆይቶ የተከሳሹ ፊት ይመጣል። ሁለቱን የሚያያይዝ ማስረጃ በመካከል ማስገባት አያስፈልግም፤ ተመልካቹ ራሱ ያያይዘዋል። በጥር 2005 ዓ.ም. የተላለፈው «ጀሃዳዊ ሐረካት» ደግሞ የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በእስር ላይ ሳሉ የተናገሩትን ቀርጾ ለሕዝብ አቀረበ። ጠበቆቻቸው የፍርድ ቤት እግድ አስወጥተን ነበር ብለዋል፤ ስርጭቱ ግን አልቀረም። ጥፋተኛ የተባሉት በ2007 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ ቃል ተቀባይነት የለውም ይላል። በመርማሪ እጅ ያለ ሰው የተናገረው በፈቃዱ ይሁን በግድ የሚጣራው ደግሞ በችሎት እንጂ በእኔና በእናንተ ሳሎን አይደለም።

ዋናው ግን ተራኪው ነው። በልቦለድ ትምህርት «ሁሉን አወቅ» የምንለው ተራኪ አለ፤ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ያሰበውን ይነግረናል፣ «በምን አወቅህ?» የሚለው የለም። ለልቦለድ ደግ ነው። ችሎት ግን ሁሉን አወቅ ተራኪ የተከለከለበት ቦታ ነው። ምስክር የሚያውቀውን ብቻ ይናገራል፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል፣ ተከሳሽም በተራው መልስ ይሰጣል። አባቶቻችን «ተጠየቅ!» እየተባባሉ የተሟገቱት ለዚህ ነው። ፊልሙ ግን አይጠየቅም።

«የኛ አገር ዳኛ ባለሙያ ነው፤ እንደ አሜሪካ ከመንደር ተጠርቶ የሚፈርድ ሰው የለም፤ ቴሌቪዥን ምን ያደርገዋል?» የሚሉ አሉ። ዳኛውም ሰፈር አለው፤ እሱን እንተወው። የመከላከያ ምስክሩስ? «የሽብርተኛ ምስክር» ተብሎ ነገ ከጎረቤቱ ጋር ቡና ሊጠጣ ነው? ጭፍን ጥላቻ ችሎት የሚገባው በዳኛው በኩል ብቻ አይደለም፤ ሳይመጣ በቀረው ምስክር ወንበርም ይገባል።

ከበድ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰውየው በእርግጥ ጥፋተኛ ቢሆንስ? ያኔ የሚጎዳው ፍርዱ ራሱ ነው። መልሱ አስቀድሞ የተነገረ ፍርድ፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ የገደል ማሚቶ ይመስላል። ጥፋተኛው «ድሮም ተፈርዶብኝ ነበር» የሚልበትን ሰበብ እኛው እንሰጠዋለን፤ ተበዳዩም የሚታመን ፍርድ ያጣል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያለው ያገሬ ሰው ይህ ገብቶታል።

በዚህ ተረት ግን አንኩራራ። «በላ ልበልሃ» የእኛ እንደሆነ ሁሉ ሌባ ሻይም የእኛ ነበር። ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ ይሮጣል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ሕዝቡም ተከትሎ ይሮጣል። ቴሌቪዥኑን ስንከተል ከዚያ ሕዝብ በምን ተሻልን?

ሕጉስ አልጠፋም። አንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ላለመቆጠር መብት ሰጥቶታል። አገራችን በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ይህንኑ ይላል። የጎደለው አንቀጹን ለማንወደው ሰው የሚያነብ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አቶ ጃዋር መሐመድና አቶ እስክንድር ነጋ በአንድ ሰሞን ሲታሰሩ፣ ባንዱ መታሰር የተደሰተው በሌላው መታሰር አለቀሰ። ሁለቱም ወገን አንቀጽ 20ን ጠቀሰ፤ እያንዳንዱ ለራሱ ሰው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። ችሎት ጥፋተኛም ነጻም አላላቸውም። በየካፌው የሰጠነው ፍርድ ግን ይግባኝ የለውም፣ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

እኔ ከዚያ ኅዳር ወዲህ አንዲት ትንሽ ልማድ ይዣለሁ። ዜና ላይ ካቴና ሳይ፣ በተለይ የታሰሩት የማልወዳቸው ሲሆኑ፣ «ያዟቸው» እላለሁ። ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ «ት»ዋ ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነው የምመልሳት።